በሊትር ሃያ

መኪና ገዝቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል፤ «በሊትር ሃያ ትሄዳለች!» ደላላው ይላታል፣ ሻጩ ይደግማታል፣ መካኒኩ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያጸድቃታል። ገዢው ደግሞ ማታ ቤቱ ገብቶ የራሱ ግኝት አስመስሎ ለሚስቱ ይነግራታል። አቃቂ ቃሊቲ ከከተምኩ ወዲህ ስንት መኪና ሲሸጥ ሲለወጥ አይቻለሁ። «እውነቱን ለመናገር አሥራ ሦስት ነው የምትሄደው» የተባለላት አንዲት መኪና ግን እስካሁን አልገጠመችኝም። ሙሽራ ሁሉ ቆንጆ፣ ሟች ሁሉ ደግ፣ የሚሸጥ መኪና ሁሉ በሊትር ሃያ ነው።

እናላችሁ፣ የጎረቤቴ ልጅ አንዲት ያገለገለች ቪትዝ ገዛ። ገንዘቡ የሦስት ዓመት እቁብ ነው፤ የጎደለውን እህቱ ከቤይሩት ሞላችለት። ሥራውም በደንብ የታሰበበት ነበር፤ ጠዋት ቋሚ ደንበኞቹን ከቃሊቲ ጭኖ አዳማ ማድረስ፣ ማታ መልሶ ማምጣት። ሊገዛ ሲል «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ አብረውኝ ቢሆኑ ደስ ይለኛል» አለኝ። ሄድኩ። ስለ መኪና የማውቀው ጥቂት ነው። ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ግን ሰው የሚናገረውን ማዳመጥ አያቅተውም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ደላላው ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ቤንዚን አትጠጣም፤ ታሸታለች እንጂ! በሊትር ሃያ!» ሦስታችንም ሳቅን። ሳቅ ደግሞ አንዳንዴ መጥፎ ነው፤ የሳቀ ሰው መጠየቁን ይተዋል።

ልጁ የዚያን ዕለት ማታ ደብተር አውጥቶ ሂሳቡን ሠራ። ከቃሊቲ አዳማ ደርሶ መልስ 176 ኪሎ ሜትር፤ ለሃያ ሲካፈል 9 ሊትር እንኳ አይሞላም። ከዚህ ተነስቶ የእቁቡን፣ የእህቱን ብድር፣ የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያ እያንዳንዱን በየረድፉ አሰፈረ። አንድ ቤተሰብ በአንዲት ቁጥር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ደብተሩን በብብቱ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ሂሳቡ እምቢ አለኝ።» አየሁት። ቪትዟ በየቀኑ ከ12 ሊትር ተኩል በላይ ትፈልጋለች፤ በሊትር 14 ማለት ነው። ልዩነቱ በቀን ከ3 ሊትር ተኩል ይበልጣል። ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ሊትሩ 48 ብር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲም ነበር የቀረው፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 100 ብርን አለፈ። በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ፣ በወር 25 ቀን ለሚሠራ ሰው ከ8 ሺህ 700 ብር በላይ ጉድለት ነው። የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ የተጻፈበት ረድፍ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

መጀመሪያ ማደያውን ጠረጠርን፤ ቀጂው ላይ አፈጠጥን። ቀጥሎ ሞተሩን ጠረጠርን፤ ካንዴላ ተቀየረ፣ የአየር ፊልትሮ ተቀየረ፣ ጎማው ንፋስ ተሞላ። ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ያልጠረጠርነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቁጥሩን።

አንድ እሑድ ጠዋት ልጁና እኔ ብቻችንን ወጣን። ቃሊቲ ታንከሩን አፉ ድረስ ሞላንና በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ ፍጥነት መንገድ ገባን። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው ይህ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ የአገራችን የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ ነው፤ ለመሄጃ ሦስት፣ ለመመለሻ ሦስት መስመር አለው። መብራት የለ፣ ፌርማታ የለ፣ በግ የሚነዳ እረኛ የለ። መኪና ስለ ራሱ የተነገረለትን የሚያስመሰክርበት ቦታ ካለ እዚህ ነው።

ስንሄድ 80 ላይ ረግጠን ያዝን፤ ኤሲ አልከፈትንም። አዳማ ደርሰን እንደገና ሞላን፤ 88 ኪሎ ሜትር፣ 4 ነጥብ 2 ሊትር። ልጁ በስልኩ አካፈለና «ሃያ አንድ! ጋሼ፣ ሃያ አንድ!» ብሎ ጮኸ። ደላላውን ይቅርታ ልንጠይቀው ምንም አልቀረንም። ስንመለስ ግን እንደ ዘወትሩ ነዳ፤ ደንበኛ ሲቸኩል እንደሚያደርገው ከ110 እስከ 120፣ ኤሲውንም ከፍቶ። ቃሊቲ ስንሞላ 6 ነጥብ 3 ሊትር ገባ። አሥራ አራት። መኪናዋ ያችው፣ ቀኑ ያው፣ መንገዱም ያው፤ እውነቱ ግን ሁለት ሆነ።

ምክንያቱ አስማት አይደለም። አዳማ ከቃሊቲ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ስንወርድ ከከፍታው ተበድረን ነው የሄድነው፤ ስንመለስ እንከፍላለን። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ነገር ያን ያህል ሽቅብ ለማንሳት ለብቻው ግማሽ ሊትር ያህል ቤንዚን ይበላል። ስንወርድ ተቆጥቦ ስንወጣ ስለሚከፈል፣ ከሁለቱ ጉዞዎች ልዩነት ግማሽ ያህሉ የዳገቱ ነው። የቀረው የፍጥነቱና የኤሲው ነው። ነፋስ እንደ አራጣ አበዳሪ ነው፤ ወለዱ ከብድሩ ቀድሞ ያድጋል። ከ80 ወደ 120 ስንወጣ ፍጥነታችን በግማሽ ብቻ ይጨምራል፤ የሚገፋን ነፋስ ጉልበት ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። የምናተርፈው ጊዜ ደግሞ በዚያ መንገድ ሙሉውን ርቀት ብንቆጥር 21 ደቂቃ ነው። ለ21 ደቂቃ ይህን ያህል ብር የሚከፍል ሰው ካለ መብቱ ነው፤ ግን እየከፈለ መሆኑን ይወቅ።

ታዲያ «ሃያ» የምትባለዋ ቁጥር ከየት መጣች? ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያን ጊዜ የጃፓን መኪኖች ነዳጅ የሚለካው «አሥር አሥራ አምስት» በሚሉት ፈተና ነበር። ፈተናው መንገድ ላይ አይደለም፤ አዳራሽ ውስጥ ነው። መኪናዋ በሮለር ላይ ትቆማለች፤ ጎማዋ ይሽከረከራል እንጂ እሷ ስንዝር አትንቀሳቀስም። የፈተናው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው፤ አማካዩ 22 ነጥብ 7። ልብ በሉ፤ በቱሉ ዲምቱ በር ገብቶ 120 የሚነዳ ሰው በእጁ የያዘው፣ 70 አልፋ የማታውቅ መኪና የተቀበለችውን ሰርተፊኬት ነው።

ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። አውሮፓውያን እስከ ቅርብ ጊዜ የተጠቀሙበት ፈተና «ከከተማ ውጭ» ያሉት ክፍል 400 ሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ነበር፤ አማካይ ፍጥነቱ 63 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 120ን የሚነካው መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ነው። የአሜሪካኖቹ የአውራ ጎዳና ፈተና እንኳ በመሠረቱ ከ97 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ አማካዩም 78 ገደማ ነው። ይህን እነሱም አልካዱም። አሜሪካ ከ1985 ሞዴሎች ጀምሮ በወረቀት የሚለጠፈውን ቁጥር ከላቦራቶሪው ውጤት የከተማውን 10፣ የአውራ ጎዳናውን 22 በመቶ ቀንሳ አወጣች፤ ከ2008 ሞዴሎች ጀምሮ ደግሞ ከፍተኛ ፍጥነትን፣ ኤሲንና ብርድን የሚፈትኑ ጨመረች። በአውሮፓ በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ያለው ክፍተት በ2001 ከ10 በመቶ በታች የነበረው በ2010ሮቹ አጋማሽ 40 በመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ፈተናውን ረዘም፣ ፈጠን ባለ ሌላ ፈተና መተካት የጀመሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ «ሃያ» ውሸት ናት? አይደለችም፤ አስቸጋሪነቷም እዚህ ላይ ነው። ውሸት ብትሆን በቀላሉ እንይዛት ነበር። ሰሟ ሃያ ነው፤ ወርቋ ደግሞ «በሮለር ላይ፣ በ70፣ ኤሲ ተዘግቶ» የሚለው ነው። እኛ ሰሙን ገዝተን ወርቁን ሻጩ ጋ ትተን እንመጣለን።

ቁጥር በወረቀት እንዲያምር ሲባል መኪናዋ ራሷ የምትሠለጥንበት ጊዜም አለ። ኮርቬት የተባለውን የአሜሪካኖች ባለ ጉልበት መኪና ውሰዱ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእጅ ማርሹ ላይ አንድ ብልሃት ገጠሙለት፤ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ሲነሳ ከአንደኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ላስገባ ቢል ማርሹ እምቢ ይልና በግድ ወደ አራተኛ ይወስደዋል። የዚህ ዝላይ ዓላማ በፈተናው ላይ ነዳጅ ማሳነስ ነው። በየዓመቱ ያለፈውን ዓመት የፈተና ወረቀት ሸምድደው የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ማርሹን ሳስብ ፊታቸው ይመጣብኛል። አልኮረጁም፤ ግን የተማሩት ትምህርቱን ሳይሆን ፈተናውን ነው።

ኮርቬትን ግን አልበድለውም። ጉልበተኛ ሁሉ በላተኛ አይደለም። ዝቅ ብሎ ነፋስ የሚሰነጥቅ፣ ረዥም ማርሽ ያለው መኪና በተስተካከለ መንገድ ላይ በለዘብታ ከተነዳ ሞተሩ እንደ ተኛ ነው የሚሄደው። የ2014ቱ ሞዴል ጉልበት በማያስፈልግበት ሰዓት ከስምንቱ ሲሊንደር አራቱን ያሳርፋል። እንዲህ ያለ መኪና ረዥም መንገድ ላይ በወረቀቱ የተጻፈለትን ሊደርስበት፣ ሊያልፈውም ይችላል፤ ከተማ ውስጥ ሲገባ ግን ታንከሩን ይገለብጣል። ትንሿ ቪትዝ በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ታተርፋለች፤ በ120 ስትነዳ ትንፋሿ ያጥራል። እንግዲህ «ቆጣቢ» እና «በላተኛ» የመኪና ስም አይደሉም፤ የመኪናና የመንገድ ትዳር ስም ናቸው።

እኛ አገር ኮርቬት የለም ልትሉኝ ነው። ልክ ናችሁ፤ የኛ ባለ ጉልበት ቪ8 ነው። 4 ነጥብ 5 ሊትር የሚሆን ባለ ስምንት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር የተሸከመው ላንድክሩዘር ዝቅ አይልም፣ ነፋስ አይሰነጥቅም፤ ነፋስን በግንባሩ ይገጥማል። ቪ8 በአዳማ መንገድ በግራ መስመር ሲመጣ መጀመሪያ መብራቱ ይታያል፣ ቀጥሎ ድምፁ ይሰማል፣ ከዚያ እኛ ወደ ቀኝ እንሸሻለን። በሕይወቴ ከማላስታውሳቸው ጥያቄዎች አንዱ «ቪ8 በሊትር ስንት ይሄዳል?» የሚለው ነው። ማንም አይጠይቀውም። ከውስጡ የሚቀመጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ለነዳጁ ከኪሱ አይከፍልማ! ቁጥር የሚጠይቀው ከኪሱ የሚከፍለው ሰው ነው፤ የተጣመመው ቁጥር የሚነገረውም ለዚያው ሰው ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ስህተቱ ሁሉንም እኩል አይጎዳም፤ ሀብታሙን ያልፈውና የእቁቡን ልጅ ያገኘዋል።

ውጭ አገር ይህ ሲሆን የሚጠየቅ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ሃዩንዳይና ኪያ አሜሪካ ውስጥ 900 ሺህ ለሚጠጉ መኪኖች የተጻፈው ቁጥር የተጋነነ መሆኑ ተደረሰበት፤ ወረቀቱ ተነስቶ ሌላ ተለጠፈ፣ ለባለ መኪኖቹ የነዳጁን ልዩነት ለመካስ ተስማሙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጡ። በሚያዝያ 2016 ሚትሱቢሺ የአነስተኛ መኪኖቹን የነዳጅ መረጃ አስመስሎ ማቅረቡን ጃፓን ውስጥ በአደባባይ አመነ። እነዚያ ገዢዎች አንድ ነገር ነበራቸው፤ የተጻፈ ቁጥር። የተጻፈ ነገር ይከሰሳል።

የኛ መኪኖች ግን አብዛኞቹ የመጡት አገልግለው ነው። ወረቀቱ ዮኮሃማ ወይ ዱባይ ላይ ቀርቷል። ለኛ የደረሰን ቃሉ ነው። ከደላላ ወደ ደላላ፣ ከሾፌር ወደ ሾፌር እየተላለፈ «ሃያ» ሥነ ቃል ሆኗል። ሥነ ቃል ደግሞ ባሕርይው ይታወቃል፤ ደራሲ የለውም፣ ሲተላለፍ ዝርዝሩ ይረግፋል፣ ጆሮ ላይ የሚጥመው ይቀራል። «በሰባ፣ በሮለር፣ ኤሲ ሳይከፈት» የሚለው መንገድ ላይ ረገፈ። «ሃያ» ቀረች። ተረት ከሆነ መልካም፤ ተረት ላይ ማንም እቁቡን አያፈስም። በዚህች ተረት ላይ ግን ሰው ቤቱን ያቆማል።

ጥፋቴንም ልናገር። ተማሪዎቼን በየዓመቱ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አስተምር ነበር፤ ማንኛውንም ጽሑፍ ከማመናችሁ በፊት ጠይቁ፤ ተናጋሪው ማነው? ለማን ነው የሚናገረው? የት ቆሞ ነው የሚያየው? ልቦለድ ላይ ይህን አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። ደላላው ፊት ግን ሦስቱንም ረስቼ ሳቅሁ። «በየትኛው መንገድ? በስንት ፍጥነት? ስንት ሰው ጭና?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ልጁ የወሰደኝ ለዚያ ነበር፤ እኔ ግን አጨብጫቢ ሆኜ ተመለስኩ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መኪና አስመጪ ቁጥር ሲጠራ የፈተናውን ስም አብሮ ይጻፍ፤ መንግሥትም ይህን ያስገድድ። አገራችን ከፍታዋ ሌላ፣ ዳገቷ ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ደርሶ መልስ፣ በ80ና በ110፣ ባዶና ከነሙሉ ተሳፋሪው የሚሸጡትን መኪኖች ለክቶ ቢያሳትም ከብዙ ጥናት የበለጠ ይነበባል። ለጊዜው ግን የልጁ ደብተር አለ። ከሙሉ እስከ ሙሉ እየቀዳ በየቀኑ ይጽፋል። አሁን 90 ላይ ይነዳል፤ ደንበኞቹን አሥር ደቂቃ ቀድሞ ያነሳል። የሚያጉረመርሙ አሉ። ቪትዟ ግን ሰው ጭና ደርሶ መልስ 16 ተኩል ገብታለች፤ በቀን ሁለት ሊትር ሊሆን ጥቂት የሚቀረው ተርፏል። የትምህርት ቤቱ ረድፍ ከእንግዲህ አልተሰረዘም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ከተነገረ ወዲህ ሰፈራችን ሌላ ሥነ ቃል ይዟል፤ «በአንድ ቻርጅ አምስት መቶ!» ይህም ውሸት አይደለም። ይህም ከአዳራሽ የመጣ ነው። የቻይናው ፈተና አማካይ ፍጥነት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ114 አይበልጥም፤ እሱንም የሚነካው ለአፍታ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጠባይ ደግሞ ከቤንዚኑ ይገለበጣል። በከተማ ሲያቆሙ ሲነሱ፣ ቁልቁል ሲወርዱ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በተስተካከለ መንገድ በ120 ሲነዱት ግን የሚመልሰው የለም፣ ነፋስ ብቻ ነው የሚበላው። አምስት መቶዋን ይዞ ወደ አዳማ የወረደ ሰው ሽቅብ ሲመለስ ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ ከባትሪው ምልክት ላይ ይውላል።

ባለፈው ወር ልጁ ሊጠይቅ ብሎ ያንኑ ደላላ ጋ ይዞኝ ሄደ። ደላላው አላረጀም፤ ቀልዱም አላረጀ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ነዳጅ አታውቅም፤ ማደያ ስታይ ፊቷን ታዞራለች! በአንድ ቻርጅ አምስት መቶ!» እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጁ ከብብቱ ደብተሩን አወጣ።

«በየትኛው መንገድ?» አለው።

ደላላው ዓይኑን ካንዳችን ወደ ሌላችን አንከራተተና «ኧረ ወንድሜ፣ በአስፋልት ነዋ!» አለ።

በዚህኛው ቀን አልሳቅንም። ልጁ በደብተሩ ላይ «አምስት መቶ» ብሎ ጻፈና ከጎኑ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አኖረ። መኪናዋን እስካሁን አልገዛም።